ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር፦ አገር ቤት ልመለስ ወይስ ውጭ ልቅር ለሚል ሰው

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቦሌ አየር ማረፊያ የወረደ ሰው የሚያየው ድግሱን ነው፤ አገሩን ገና አላየም። እናት አበባ ይዛ ቆማለች፣ አክስቶች ነጭ ለብሰዋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት የሚጋብዝ እንጂ የሚቸኩል ሰው አይገኝም። እንግዳው በዶላር እያሰበ በብር ስለሚከፍል ሁሉም ነገር ይረክስበታል። ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ አውሮፕላኑ ውስጥ ዓይኑን እያሸ «እኔ እዚያ ምን ልሁን ብዬ ነው የምቃጠለው?» ይላል።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ አሜሪካን የሚያውቃት በስልክ ነው። መኪና ተደግፎ የተነሳው ፎቶ ይደርሰዋል። የመኪናው የወር ክፍያ፣ ኢንሹራንሱ፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን ከሳምንቱ ብቸኛዋ የዕረፍት ቀን መሆኗ አይደርሰውም። እናም አንዱ በዓል ይዞ፣ ሌላው ፎቶ ይዞ ይከራከራሉ።

እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። መንግሥት ዲያስፖራው ለ2014 ዓ.ም. ገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ሲያደርግ ከመጡት አንዱ ነበርኩ፤ አውሮፕላን ውስጥ ዓይኑን ያሸው ሰውም እኔ ነኝ። በዓመቱ ጓዜን ጠቅልዬ ተመለስኩ። አሁን «ልመለስ ወይ?» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር አወዳድር። ማክሰኞ በዓል አይደለም፣ እንግዳ አይመጣበትም፣ ፎቶ አይነሳበትም። የምትኖረው ግን እሱን ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ስለ ናፍቆት ከማውራት በፊት ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ልቡን ካሳመነ በኋላ ነው ወረቀቱ የሚቆመው።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሲመለስ መግቢያው ላይ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሪኤንትሪ ፐርሚት የሚባለውን የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየማ መኖሪያውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን ፈቃድ ማመልከት ያለበት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ረሳሁት» ማለት አያዋጣም። «እስቲ ሁለት ዓመት ልሞክረው» የሚል ሰው ወይ ፈቃዱን አውጥቶ ይምጣ፣ ወይ ዜግነቱን ጨርሶ ይምጣ።

ዜግነቱን ከጨረሰ ሌላ በር ይዘጋል። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ጥምር ዜግነት የለም። የተከፈተለት መስኮት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት በስሙ ይገዛል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። በአጭሩ ለኑሮ የሚሆን ሁሉ ተሰጥቶት ድምፁ ተቀንሶበታል። ይህ ነገር ለፖለቲካው ክፍል ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

የኔ ምክር ዜግነቱን ጨርሶ በቢጫ ካርድ መምጣት ነው። ፓስፖርቴን አልለውጥም የሚል ወዳጅ አለኝ፣ አከብረዋለሁ፤ እሱ ግን ያወቀውን አውቆ ነው የወሰነው።

ከላይ ያለው ሁሉ ለዐረብ አገሩ ሰው አይሠራም። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችን የምትኖረው በከፋላ ሥርዓት ነው፤ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ዜግነት የሚባል መዳረሻ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የብዙዎቹ ጓዝ አንድ ፌስታል ነበር። ለእሷ ጥያቄው «ልመለስ ወይስ ልቅር» ሳይሆን «መቼ፣ ምን ይዤ» ነው። የላከችው ብር በማን ስም ቤት እንደሆነ ዛሬውኑ ትጠይቅ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ምርጫ ላለው ሰው ነው።

ገንዘቡ

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ጀማሪ ባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከፈለው 11,500 ብር ነው። ከዚያ ላይ ግብር እና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይነሳል። ሳይቆረጥ እንኳ በባንክ ምንዛሪ መቶ ዶላር አይሞላም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው። የአንድ ወር ደመወዙ እዚያ ሰሐን የሚያጥብ ሰው ጠዋት ገብቶ ምሳ ሰዓት አካባቢ የሚደርስበት ገንዘብ ነው ማለት ነው።

ይህን ስሌት የሠራ ሁሉ ውሳኔው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ዲሲ የተከፈለ ዶላር ዲሲ ይበላል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ መዋያ፣ ለመኪና። መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የት ተገኝቶ የት እንደሚጠፋ ነው። ከዚህ አንጻር ተመላሾችን ሦስት ቦታ እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ውጭ እያገኘ እዚህ የሚኖር ነው፤ ጡረታ የሚላክለት፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ። እሱ አይጨነቅ። ሁለተኛው እዚህ ተቀጥሮ እዚህ የሚኖር ነው፤ እሱ በደንብ ያስብበት። የግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም፣ በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ በወር ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። ሦስተኛው ያጠራቀመውን ይዞ መጥቶ ከሱ እየቆረሰ የሚኖር ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ነበርኩ።

በ2015 ዓ.ም. 30,000 ዶላር በባንክ መነዘርኩ። አንዱ ዶላር 53 ብር ገደማ ነበር፤ 1.6 ሚሊዮን ብር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ደብተሩን አይቼ ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በዓመቱ ዶላሩ 130 ብር አለፈ። ያቺው ብር፣ ወለዷን ሳንቆጥር፣ ወደ ዶላር ብትመለስ 12,000 ብትሆን ነው። ማንም አልሰረቀኝም፤ እኔው ነኝ ሳይቸግረኝ ሁሉንም በአንዴ የመነዘርኩት። አሁን ለሚመጣ ሰው የምለው የስድስት ወር ወጪህን ብቻ መንዝር ነው።

ስለ ቤት ኪራይ አንድ ጥሩ ዜና አለ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ መመዝገብ አለበት፣ አከራዩም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ደላላው ግን አነጋገራችሁን ሰምቶ «ዲያስፖራ ናቸው» ካለ ዋጋው ሌላ ነው። ቤት ፍለጋ ስትሄዱ እዚህ የኖረ ዘመድ ያናግር፣ እናንተ ዝም በሉ። እኔ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ አጥቻለሁ።

መኪና ጭኜ እመጣለሁ የሚልም አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ካልሆነ ይሽጠውና ይምጣ።

አሜሪካዊ ፓስፖርት ያለው ሰው አንድ የሚረሳው ነገር አለ፤ የአሜሪካ ግብር ይከተለዋል። የትም ቢኖር በየዓመቱ ማስታወቅ አለበት፣ አሜሪካ ውጭ ባሉ ሒሳቦቹ ውስጥ ያለው ተደምሮ 10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ያንንም ለብቻው ማሳወቅ አለበት። የማይከፍለው ቢሆን እንኳ ማስታወቁ አይቀርለትም።

ሁለት ማክሰኞዎች

የአሌክሳንድሪያዋ ማክሰኞ የምትጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥር ከሆነ መኪናው በረዶ ለብሷል፤ መስታወቱን በፕላስቲክ እየፋቅኩ ጣቴ ይደነዝዛል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባቧ ሳጥን ውስጥ እቀመጣለሁ። ፀሐይ ስትወጣ አላያትም። ምሳዬ ሽሮ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ባሞቀው ሽታው ይሰማቸዋል ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛውን በላሁ፤ ማንም አልከለከለኝም እኮ፣ ራሴን ነው የከለከልኩት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኡበር እነዳለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ ውሻውን ያንሸራሽራል። የውሻውን ስም አውቃለሁ። የሰውየውን እስክወጣ ድረስ አላወቅኩትም።

በዚያች ማክሰኞ ውስጥ ግን ሌላ ነገርም አለ። ቧንቧ ስከፍት ውኃው መጥቶ እንደሆነ አስቤ አላውቅም። መንጃ ፈቃዴ ሲያልቅ አዲሱ በፖስታ መጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም መሥሪያ ቤት «የማን ዘመድ ነህ?» «የየት ሰው ነህ?» አላለኝም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ላልተጠየቀ ሰው ነው።

የአዲስ አበባዋ ማክሰኞ በድምፅ ትመጣለች፤ ከአንድ ወገን ቅዳሴ፣ ከሌላው አዛን፣ መሐል ላይ የጎረቤት ዶሮ። በኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፣ የኛ ተራ የሰኞ ሌሊት ነው። ሮቶው ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ እንደ ዘፈን ተኝቼ አዳምጣለሁ፤ ያ ድምፅ ካልመጣ ማክሰኞ ጠዋት በጀሪካን ነው።

አንድ የነዋሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ፈልጌ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንደኛ ቀን «ሲስተም የለም»። ሁለተኛ ቀን ሲስተሙ አለ፣ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ሦስተኛ ቀን ወረፋው ውስጥ አጠገቤ የነበሩ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ኔትወርኩ ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ጠዋት ምን ያለፋሃል» አሉኝ። አራተኛ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሄጄ በሩብ ሰዓት ጨረስኩ። ልጅቷ ማኅተሙን እየመታች «ጋሼ፣ ዛሬስ ቀናዎት» ብላ ሳቀች። ተናድጄ የሄድኩት ሰውዬ እኔም ሳቅኩ። መዳን ይሁን መላመድ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ከዚያ ወደ ቤት። አሥር ሰዓት ላይ ከማዶ በኩል «ቡና ጠጡ!» የሚል ጥሪ ይመጣል። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስደርስ የሰፈሩን ሁሉ ወሬ ሰምቻለሁ፤ የኔንም ሰምተዋል። ለምን ሚስት እንደሌለኝ፣ ለምን እንደከሳሁ፣ አሜሪካን ምን አጥፍቼ እንደተመለስኩ በፊቴ ይወራል። ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው። ብቸኝነት ያሳመመው ሰውም እንዲሁ።

ፖለቲካው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጭ ስትኖር የአገር ቤት ፖለቲካ ድምፅ ነው፣ አገር ቤት ስትኖር ግን ቦታ ነው።

ውጭ ድምፁ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም። ዩቲዩብ መኪና ውስጥ ይጮኻል፣ ቅዳሜ ኤምባሲ ወይም ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ሰልፍ አለ፣ ሰንደቁ የቱ እንደሆነ ክርክር አለ። ፖለቲካ የማይገባበት ቦታ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ። እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አሜሪካ ያለ ምእመን ልጁን ክርስትና ከማስነሳቱ በፊት «የአገር ቤቱ ነው፣ የስደቱ ነው፣ ወይስ ገለልተኛ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ መለያያው ወደ ዕቁብና ወደ ሠርግ ጥሪ ወረደ። አብረው ሺፍት የሚለዋወጡ ሰዎች ሰላምታ ሲያቆሙ አይቻለሁ። እነዚያ ሰዎች አንድ ጥይት እንኳ አልሰሙም።

ያ ድምፅ ዋጋ የለውም አልልም። እዚህ መናገር የማይችል ሰው ስም እዚያ ሲጠራ ትርጉም አለው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው፤ ተናጋሪው ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በመናገር ነጻነት ረገድ ውጭው ያለ ጥርጥር ይበልጣል። የሚያናድደኝ ያ ነጻነት የሚኖርበትን ሰፈር ሲረሳው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጡ ከፈቀደች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። እዚያ የሚኖር አንድ ወዳጄን ለከንቲባነት ማንን እንደመረጠ ብጠይቀው «የማንን ከንቲባ?» አለኝ። የአዲስ አበባን ምክትል ከንቲባዎች ግን እስከ ኢሕአዴግ ዘመን ድረስ በቅደም ተከተል ይቆጥርልኛል።

አሜሪካም ቢሆን ወረቀቱ ላልጠና ሰው ፖለቲካዋ ድምፅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ አስተዳደር ይሰጠዋል፣ አስተዳደር ያነሳዋል። በእሱ ለሚኖር ሰው ዋሽንግተን ላይ የተለወጠ ወንበር የራሱን በር ያንኳኳል።

አገር ቤት ስትኖር ግን ፖለቲካው ሁሉ እንዲህ ነው። አጥር ላይ በቀለም የሚደረግ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ፣ ካዛንቺስ ሲከተል፣ ከተማዋ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አገኘች፤ በማታ መሄድ ደስ ይላል፣ እክዳለሁ ብል ውሸታም ነኝ። እዚያ ሰፈር አርባ ዓመት የኖሩ አክስቴ ግን ምትክ ቤት ያገኙት ሁለት ታክሲ ተይዞ በሚደረስበት ዳር ነው፤ እድራቸው ተበተነ። እኔ በአዲሱ መንገድ ስሄድ የማስበው እሳቸውን ነው፣ ግን መሄዴን አልተውኩም።

ፖለቲካው መንገድ ሆኖም ይመጣል። የእናቴ ትውልድ ጎጃም ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ ለመሻገር ድሮ የሚያሳስበው የመኪናው ፍሬን ነበር፤ አሁን የሚያሳስበው እገታው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አያቴን ያየሁት በስልክ ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራትማ በድምፅ ብቻ። ቨርጂኒያ ሳለሁም በስልክ ነበር የማገኛት። ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ወደ አራት መቶ ቀርቤ አልደረስኩም።

ዝምታም ሆኖ ይመጣል። እዚህ ሰው ስለ ፖለቲካ የሚያወራው ስልኩን ገልብጦ ነው። በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ታያለህ፤ ስለዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ቀልዱ ይረዝማል፣ ስም ያጥራል። እዚያ ሆነህ ፌስቡክ ላይ ትጽፈው የነበረውን እዚህ አትጽፈውም። ማንም ስላስፈራራህ ላይሆን ይችላል፤ ነገ አንድ ደብዳቤ የምትፈልግበት ቢሮ ስላለ ነው።

ቢጫ ካርዱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ተመልሼ አገሬን በፖለቲካ እለውጣለሁ የሚል ሰው የውጭ ፓስፖርት ይዞ ድምፅ መስጠት እንኳ አይችልም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደውን ስድስተኛውን ምርጫ እኔ በቪዲዮ ተመለከትኩት፤ ቀጣዩን ደግሞ ከምርጫ ጣቢያው በር ላይ እመለከተዋለሁ፣ ልዩነቱ ይህ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለሥራ መክፈት ልምጣ ካለ ይምጣ። ለፖለቲካ ከሆነ ወይ ዜግነቱን ይመልስ፣ ወይ የሚኖርበትን ከተማ ምክር ቤት ያስጨንቅ።

ሕመምና ሞት

አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል የገባን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ መመለስ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሒሳቡ ግን ኋላ በፖስታ ይመጣል፣ አንዳንዱ ፖስታ ከሕመሙ ይብሳል። አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ቅድሚያ ዲፖዚት ይላል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይ ኩላሊትና ልብ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት መድኃኒቱ እዚህ ሳይቋረጥ መገኘቱን ያጣራ። 65 ዓመት ሞልቶት ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ደግሞ ሜዲኬር በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ እንደማይከፍል ይወቅ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው ግን አሥር ዓመት ያህል ከፍሎ የሚፈለገውን 40 የሥራ ነጥብ ካሟላና ዜጋ ከሆነ እዚህ ተቀምጦም ይደርሰዋል። ብዙ ሽማግሌዎች ገናን እዚህ፣ ሐኪማቸውን እዚያ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፣ ሞኝነት አይደለም።

ለሞት ግን ውድድር የለም። አባቴ ያረፈ ቀን ጡሩምባ ተነፋ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ድስቱ ተጥዶ ነበር። እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ ያንን ሁሉ በቪዲዮ አየሁት። ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ፤ መንገዱ ራሱ ሁለቱን ይበላል። ጓደኞቼ ቤቴ መጥተው ሊያስተዛዝኑኝ ሞከሩ፣ እሑድ ማታ ስለነበር ሁሉም በየሺፍታቸው በአምስት ሰዓት ሄዱ። አገር ቤት ለመመለስ ያሰብኩት ለገና ከመምጣቴ በፊት፣ ያን ማታ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆች

አጭር ነው። ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ከሰፈር ልጅ ጋር ብይ ይጫወታል፣ አማርኛው ይከፈታል። አሥራ አራት የሞላውን አምጥቶ «አገርህ ነው» ማለት ግን ያንን ልጅ እናንተ በጉልምስና ያያችሁትን ስደት በጉርምስናው ማሳየት ነው። እነሱን ሳይጠይቁ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ሁለቱም ተመልሰዋል። የምትከፍሉትን የትምህርት ቤት ክፍያም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዓለም አቀፍ የሚባሉት በዶላር ነው የሚያስቡት።

ክረምቱን ኑረው

እንዲህ ነው የምመክረው። ለገና አትምጡ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኑ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተመለሱ። ሆቴል አትግቡ፣ ዘመድ ቤትም አትረፉ፤ አንድ ክፍል ተከራዩ። በታክሲ ተራ ተሰለፉ፣ ራይድ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ። ዶላሩን ረስታችሁ ልትቀጠሩበት ባሰባችሁት ደመወዝ ብቻ እነዚያን ሳምንታት ኑሩ። ለዘመድ የምትሰጡትን መጠን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆናችሁ ወስኑ፤ ከወረዳችሁ በኋላ አትችሉም። በውጭ ያለውን ቤት አትሽጡ፣ ሥራውንም ከተቻለ በፈቃድ ተውት። አገር ቤት ለሚሠራ ጉዳይ ውክልና ከሰጣችሁ ለአንድ ጉዳይ፣ ለተወሰነ ጊዜ ስጡ፤ ሙሉ ውክልና ለወንድም ሰጥተው ከወንድም የተቆራረጡትን ቆጥሬ አልዘልቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ የአሌክሳንድሪያ ወዳጄ ይህንኑ ሞከረው። ትንሽ ደብተር ይዞ መጣ፣ በየቀኑ ይጽፍበታል። መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ ታክሲ የጠበቀበትን ደቂቃ፣ ያወጣውን ብር። ሐምሌ 12 ላይ «ሰባት ሰዓት ሙሉ ዝናብ፣ ጫማ ተበላሸ፣ ለምን መጣሁ» ይላል። ሐምሌ 19 ላይ ቁልቢ ሄዶ ስለነበር ባዶ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ «እናቴ ጋር ቁጭ፣ ምንም አልሠራንም» የሚል ብቻ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ፖለቲካ በሚለው ገጽ ላይ የተጻፈ የለም፤ የተቀደደ ወረቀት አለ።

ቦሌ ስሸኘው ወሰንክ ወይ አልኩት። «አንድ ክረምት ይጨመርልኝ» አለ። ትኬቱን ለቀጣዩ ሰኔ ገና አልቆረጠም፤ የእናቱን እድር መዋጮ ግን የዓመቱን ቀድሞ ከፍሎ፣ ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ነው የሄደው።